በሞቴ ያልኩበት መድረክ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግ ሲደገስ፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ አዲስ ሕንፃ ሪባን ሲቆረጥለት አብዛኛውን ጊዜ ማይክ የምይዘው እኔ ነኝ። ሙያዬ ባነር ማተም ነው። ጠባሴ አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ትልቅ ማተሚያና ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉኝ። ማይኩ ከባነሩ ጋር እንደ ምርቃት የሚሰጥ ነገር ሆኖ ነው የተጀመረው። ባነር ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች መድረኩን ማን እንደሚመራላቸው ሲጨነቁ እኔ አለሁላችሁ እላለሁ፤ እነሱም ዋጋ ሳይጨምሩ አንድ አፈኛ ሰው አግኝተው ይሄዳሉ።

አፈኛነቴን አልደብቅም። ሰው ማሳቅ እወዳለሁ፤ ሲጨበጨብልኝ ደግሞ ይብስብኛል። በተለይ የምታወቀው አልጨፍርም ብለው ጥጋቸውን የያዙ ሽማግሌዎችን ጎትቼ መሀል በማስገባት ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው የለም። ምግብ ሲቀርብለት በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ ከፍ ያለ ወንበር ሲሰጡት እዚሁ ይሻለኛል ይላል፤ ጨፍር ሲሉት ጉልበቱን ያመዋል። ጋባዡ በሞቴ ይላል፣ አፈር ስሆን ይላል፤ እንግዳው ያን እየሰማ ቁጭ ማለት ነውር ስለሚሆንበት ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል። እኔ ይህን ግድርድር ከእውነተኛው እምቢታ በዓይኔ ብቻ እለየዋለሁ ብዬ አምን ነበር። እኮራበትም ነበር።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው ሰኔ በከተማው አዳራሽ ያደረግሁትን ለመናገር ነው። ሆን ብለህ አይደለም እያለ ሊያጽናናኝ የሞከረ ብዙ ሰው አለ። ሆን ብዬ አለማድረጌ ግን እፍረቱን አላቀለለልኝም።

ጋሼ የምለው የትራምፔት መምህሬን ነው። ስማቸውን የከተማው ሰው ቢያውቅም የሚጠራቸው የለም፤ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። ትውልዳቸው አንኮበር ነው። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፍተዋል። ከዚያ ደብረ ብርሃን መጥተው በወጣቶች ማዕከል የትንፋሽ መሣሪያ አስተማሪ ሆኑ። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባ፣ ማዕከሉ ያገኘውን ሁሉ ያስተምራሉ፤ የተደፈጠጠውን ራሳቸው ያቃናሉ፤ የሚያፈሰውን ራሳቸው ያስበይዳሉ። ዛሬ በፖሊስ ባንድ ውስጥ የሚነፋ፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ በየሠርጉ የሚዞር የዚህ አገር ልጅ ካገኛችሁ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው።

ጀማሪን ሙሉ ትራምፔት አያስይዙም። አፍ ላይ የምትገጠመውን ትንሽ ብረት፣ ማውዝፒስ የምንላትን፣ ብቻዋን ይሰጡታል፤ ከንፈሩ እስኪጠነክር እሷን ሲነፋ ይከርማል። በደብረ ብርሃን ጠዋት ያች ብረት ከበረዶ አትለይም። ስለዚህ ከትምህርት በፊት ግድግዳ ስር ያሰልፉንና ማውዝፒሳችንን በብብታችን ይዘን እንድንቆም ያዙናል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ሲያየን ትኩሳት የሚለካ የበሽተኛ ሰልፍ ይመስለው ነበር። ብረቷ ስትሞቅ ጋሼ በር ላይ ቆመው በራሳቸው ትራምፔት አንድ ረጅም ድምፅ ይነፋሉ። ዜማ አይደለም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ቆም ይሉ ነበር። ይህን ድምፅ ካገኛችሁ ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል ይሉን ነበር።

እኔ አላገኘሁትም። ሁለተኛ ትራምፔት ነበርኩ፤ ሁለተኛ የተባልኩትም ሦስተኛ ስላልነበረ ነው። ምላስህ ፈጣን ነው፣ ከንፈርህ ግን ሰነፍ ነው ይሉኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ግን በየመድረኩ የሳቸው ተማሪ ነኝ ማለቱን አልተውኩም፤ ሰው ደስ ይለዋል፣ ለእኔም ክብር ይጨምርልኛል።

አልፎ አልፎ ባነር ሳደርስ ማዕከሉ ጎራ እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጋሼ ሲያስተምሩ ትራምፔት እንደማይዙ አይቻለሁ። ሁሉን ነገር በድምፃቸው ያዜማሉ፤ ታ ታ ታም እያሉ፣ በሦስት ጣታቸው አየር ላይ ቁልፎቹን እየተጫኑ። ልጆቹ ያን ሰምተው ይነፋሉ፤ ሲሳሳቱ ጋሼ እንደገና ያዜማሉ። እኔ ይህን የትልቅ መምህር ደረጃ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለሰውም እንደዚያ ብዬ አወራሁ።

ጡረታ ሊወጡ መሆኑን የነገረኝ በማዕከሉ አብረን የነበርንበት ባንድ ከበሮ መቺ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን ጫጫ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዛሬም ማዕከሉ ሄዶ ለልጆቹ ትልቁን ከበሮ ይመታላቸዋል። እንዲሁ በባዶ እጅ አንሸኛቸውም ተባባልን። ኮሚቴው እኔ ሱቅ ውስጥ ተቋቋመ፤ እሱ፣ እኔና ተማሪዎቹን ወክላ የመጣችው አንደኛ ትራምፔቷ። ቤተሰቦቿ ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ካሉበት ሁሉ አዋጡ። ተማሪዎቹ ኮንሰርት ያቀርባሉ፣ ካባ እናለብሳቸዋለን፣ ትልቅ ፎቷቸውን በፍሬም እንሰጣቸዋለን አልን። እኔ ግን አዲስ ትራምፔት ካልተገዛ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ከበሮ መቺው ካባውና ፎቶው ይበቃል አለ። ትራምፔት አሁን ምን ያደርግላቸዋል፣ ደግሞም ጋሼ እኮ፣ ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። ለእሳቸው መሰሰት የሌለብን መሆኑን ረጅም ንግግር አድርጌ አስረዳሁት። ልጅቷ ጫማዋን ታይ ነበር። ጓደኛዬም እሺ ብሎ ተነስቶ ሄደ፤ ተሳፋሪ እየጠበቀው ነበር።

በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነገር ነበር። ትራምፔቱን መድረክ ላይ ስሰጣቸው እዚያው ያችን አንዷን ረጅም ድምፅ እንዲነፉልን ማድረግ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰርፕራይዝ ነው ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ደቂቃ የእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አዳራሹ ሲያለቅስ ማይኩን ይዤ አጠገባቸው ስቆም ይታየኝ ነበር።

ፕሮግራሙን ላሳያቸው ቤታቸው ስሄድ ነገሩን በዘዴ ጣል አደረግሁ። መጨረሻ ላይ እርስዎም አንድ ነገር ቢሉን አልኩ። እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹ ይበቃሉ አሉኝ። ይህ የመጀመሪያው እምቢታ ነበር። በልቤ አንድ ብዬ ያዝኩት።

ሁለተኛው ሱቄ ውስጥ ነው። ኮንሰርቱ በሚደረግበት ሳምንት አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡ። ብርዱ ጠንክሮ ስለነበር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የለበሰው። ሁለት ሰዎች የሙት ዓመት ባነር እስኪታተም ይጠብቃሉ። ለጋሼ ወንበር አቀረብኩ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ የኮንሰርቱን ፖስተር ዘርግቼ አሳየኋቸው። ጥሩ ነው አሉ። ተቀመጡ። ሻዩ ሲያልቅ ሌላ አዘዝኩ። ሁለቱ ሰዎች ባነራቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ የምረቃ ካርድ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ገቡ። ጋሼ ሱቁ ሰው እንደማያጣ ሲያዩ ተነሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መድረክ ላይ ንፋ እንዳትሉኝ» አሉኝ። «አደራህን።»

«አያስቡ ጋሼ» አልኳቸው።

አደራ የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ። እንደ ማንኛውም የዚህ አገር ልጅ ክብደቱን አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ትራምፔቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጠረጴዛዬ ስር ተቀምጦ ነበርና ቃሉን ከግድርድሩ ጋር ደመርኩት። ሁለት አልኩ። እንደውም ነገሩን ባያስቡበት ይህን ያህል መንገድ በብርድ አይመጡም ነበር፤ ልባቸው ፈልጎታል ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ሲጠብቁ እንደነበር የገባኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የተማሪዎቹ ቤተሰብ፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ቢሮ ሰዎች፣ እንዲያው ዘፈን አለ ብሎ የመጣው ሁሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆይቶ ልክ ልንጀምር ስንል ተወት አደረገው። ጋሼ ፊት ወንበር ላይ ከባለቤታቸው ጋር ተቀመጡ። እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው ነጭ ነጠላ ለብሰው ከኔ ላይ ዓይናቸውን አያነሱም ነበር። ኮርተው ነው ብዬ ፈገግ አልኩላቸው።

ተማሪዎቹ ጥሩ ነፉ። በማርሽ ጀምረው የሠርግ ዜማ አስከተሉ፤ ሰው ተነስቶ እስክስታ ወረደ። ከዚያ ልጅቷ ብቻዋን ቆማ በትዝታ ቅኝት አንድ ነገር ነፋች። ከመጠለያ የመጡ እናቶች ከኋላ ረድፍ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር። ጋሼ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ከእሷ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም ሰው በጥሩ የሚያነሳው ዝግጅት ይሆን ነበር።

እኔ ግን ንግግሬን ይዤ ወጣሁ። የብብቱን ነገር ተናገርኩ፤ ሳቁ። ሰነፍ ከንፈሬን ተናገርኩ፤ ሳቁ። ከዚያ ጋሼ ዛሬ የደረሱበት ደረጃ ትራምፔት ሳይነኩ ትራምፔት የሚያስተምሩበት ነው አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ካባውን አለበስናቸው፣ ፎቶውን ሰጠናቸው፣ የቢሮው ሰው ጥቂት ቃላት ተናገሩ። ጋሼ አመስግነው ሊወርዱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና ትራምፔቱን ከሳጥኑ አወጣሁት። መብራቱ ሲያርፍበት ሰው ሁሉ አበባ እንዳየ ድምፅ አሰማ።

ተቀበሉኝ። ወደ ደረታቸው አስጠግተው ያዙት፤ ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ ምንም አላመነቱም። አመሰግናለሁ ብለው ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። ከፊታቸው ቆምኩና አንዷን ድምፅ ብቻ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ተወኝ» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ማይኩ አልያዘውም።

ሦስት አልኩ በልቤ። ወደ ሕዝቡ ዞሬ ጋሼ እየተግደረደሩ ነው አልኩ። ሰው ሳቀ። በሞቴ በሉልኝ እስቲ አልኩ፤ እጄን እንደ ባንድ መሪ አነሳሁ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ በሞቴ አለ። ልጆች፣ እናቶች፣ የቢሮ ሰዎች። እንደገና አስባልኳቸው። ጋሼ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዛሬ ያን አስተያየት ሳስበው ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚያወጣው መንገድ የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነበር።

ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዞሩ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትንሽ ጎንበስ አሉ፤ መሐረቡን አጠፍ አድርገው ወደ ኪሳቸው መለሱት። እኔ በማይክ እንባ ቀደማቸው አልኩ። ተጨበጨበ። እትዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቆሙ።

ዞረው ትራምፔቱን አነሱ። አቋቋማቸው የድሮው ነበር። ትከሻቸው ወረደ፣ ደረታቸው ሞላ። ከዚያ የወጣው ነገር በበር ስር የሚገባ ንፋስ ይመስላል። ድምፅ አልነበረውም፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሲጥ ብሎ ቀረ።  ከመሀል አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጋሼ ከንፈራቸውን አርጥበው እንደገና ሞከሩ። እኔን እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው። የመጀመሪያውን አስገድጄያቸው ነው፤ ሁለተኛውን ግን ራሳቸው ተስፋ አድርገው ነፉት። ያው ንፋስ ወጣ። ጉንጫቸው ላይ ላብ ነበር፤ የላይኛው ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያኔም አፌን መዝጋት አልቻልኩም። ትራምፔቱ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ገና አልተሟሸም አልኩ።

ጋሼ ወደ ማይኩ ጠጋ አሉ። «ትራምፔቱ ደህና ነው» አሉ። ቃሉ ከድድ መካከል ሾልኮ፣ ተፍረክርኮ ነበር የወጣው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ በዚያ ቃል ገባው፤ እኔም ከሁሉም በኋላ ገባኝ። የፊት ጥርሳቸው የለም። ሲነፉ እንዳይወድቅባቸው ብለው መሐረቡ ውስጥ የከተቱት የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ነው።

ጋሼ ትራምፔቱን እጄ ላይ አኖሩት። ይህን ጊዜ ከበሮ መቺው ማንንም ሳይጠይቅ ትልቁን ከበሮ መታ፤ ደጋግሞ መታ፤ ልጅቷ ብድግ ብላ ማርሹን ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ጋሼ የካባቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ደረጃውን ወረዱ፤ ቦታቸው ተቀምጠው ማርሹ እስኪያልቅ በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አዳመጡ። ጥለው ቢወጡ ይሻለኝ ነበር። እኔ መድረኩ ላይ በአንድ እጄ ማይክ፣ በአንድ እጄ ትራምፔት ይዤ ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጣቸው አላወቅሁም።

ሰው ሲበተን ከበሮ መቺውን ሚኒባሱ አጠገብ አገኘሁት። ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለኝ። ልጅቷም ታውቃለች፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ማንም ነግሯቸው አይደለም፤ በየቀኑ ፊታቸው ተቀምጠው ስለሚያዩ ነው። ጋሼ ሲያዜሙ አንዳንድ ፊደል እንደሚያመልጣቸው፣ በሐምሌም በጥርም ጋቢውን ከአፋቸው እንደማያወርዱ ያያሉ። አይተው ምንም አላሉም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አንስተውት አያውቁም አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተ ማንን ታስጨርሳለህ» አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

እውነቱን ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ጋሼ እኮ፣ ብሎ ሲጀምር ያቋረጥኩት ትዝ አለኝ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ከማቋረጤ በላይ ሌላ ነው። ከተማው ውስጥ ጋሼን እወዳለሁ ብሎ በማይክ የሚናገር እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚወዷቸው ሰዎች ጥርሳቸው መሄዱን ካወቁ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ሻይ አጠጥቼ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ፖስተሬን ሳሳይ አላየሁም።

ማታውኑ ቪዲዮው በከተማው የቴሌግራም ገጽ ላይ ወጣ። ከሁለቱ ንፋሶች ውስጥ የሁለተኛው ነው፤ ስሩ የሚስቅ ፊት ተደርድሯል። የለጠፈውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ባነር እኔ ጋ ያሠራል። ደውዬ ለመንኩት፤ ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው አጠፋው። ግን እስከዚያ ሌሎች ወስደውታል። በማግስቱ ሱቄ የገባ አንድ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ ይህን አይተሃል ወይ አለኝ። ከኋላ የሚሰማው በሞቴ በሉልኝ እስቲ የሚለው ድምፅ የኔ መሆኑን አላወቀም።

የዚያን ሳምንት የተያዘ ሠርግ ነበረብኝ፤ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ትራምፔቱ ሱቄ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ጋሼ ቤት ለመሄድ ብዙ ጊዜ ተነስቼ ከአደባባዩ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ብርቱካን ገዝቼ፣ ትራምፔቱን በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። እንደ ወትሮው አልሳሙኝም፤ ግን ግባ አሉኝ፤ ብርቱካኑን ተቀበሉኝ። ጋሼ ንፋስ በማይደርስበት ግድግዳ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንኮበር ካለው ወንድማቸው ጋር በስልክ እህል ስለመዝራት ይነጋገሩ ነበርና ስልኩን ዘግተው ሌላ በርጩማ እንዲመጣልኝ አዘዙ። ቤት ውስጥ ስለሆኑ ጥርሳቸውን አላደረጉም።

ሳጥኑን ሲያዩ አምጣው አሉኝ። ትራምፔቱን አውጥተው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ደህና ዕቃ ነው፣ ለልጅቷ ስጣት፣ የያዘችው የማዕከሉ አሮጌ ትራምፔት ሁለተኛው ቁልፉ እየተያዘ ያስቸግራል አሉ። እሺ አልኩ። ከዚያ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ መናገር ጀመርኩ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ቃል እንዳልኩ አቋርጬው ተነሳሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

ያን ቀን ሱቅህ የመጣሁት ልነግርህ ነበር አሉኝ፤ ሰው ነበር። ጥርሳቸው በሕመም ተነቅሎ ሲያልቅ ለባለቤታቸው እንጂ ለሌላ ሰው አልተናገሩም። ማዕከሉ ቢሰማ፣ መንፋት የማይችል ሰው መንፋት እንዴት ያስተምራል ይለኛል ብለው ፈሩ። ከሥራ መባረሩ ብቻ አልነበረም። ከዚህ ሥራ እንደ ነፊ መውጣት ነበር የፈለግሁት አሉኝ። ቀርቶኝ የነበረው ያ የሰኔ ወር ብቻ ነበር አሉ።

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። 

«አልተቀየምኩህም» አሉኝ። «ወደኸኝ ነው ያደረግኸው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ድሮ ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዓይኔን ነበር የሚያዩት። ተቆጥቻለሁ ወይስ ደስ ብሎኛል ብለው። አሁን ሁሉም ሰላም ሲሉኝ አፌን ነው የሚያዩት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ቄሱም አፌን ነው የሚያዩት።»

ልመልስላቸው ስል ነው የታወቀኝ። በርጩማው ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ እኔም የማየው አፋቸውን ነበር። ቶሎ ብዬ ዓይኔን አነሳሁ። እሳቸው ግን አይተውኝ ነበር።